ከጣርማበር እስከ ጀማ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የአለት ካርታ ለመሥራት ለምትወጡ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ የጣርማበር ዋሻ ጋ ትደርሳላችሁ። ጣልያን የቆፈረው ነው። በአንደኛው አፉ ስትገቡ ብርድና ጭጋግ ነው። በሌላኛው ስትወጡ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል፣ ዓይናችሁ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። መንገደኛው እዚያ ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። ለእኛ ሙያ ግን ጣርማበር የድንጋይ ስም ነው። የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ የተማረ ሁሉ «ጣርማበር ባዛልት» ሲባል ሰምቷል፤ ባዛልት ፈስሶ የቀዘቀዘ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ስሙን የወሰደው ከዚሁ በር ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መዶሻ ይዛችሁ ለምትወጡ ነው። ክፍል ውስጥ የተማራችሁትን አልደግምም። እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

የአለት ካርታ ማለት አፈሩን፣ ሣሩንና አዝመራውን በሐሳብ ገፍፎ፣ ከሥር ያለው ድንጋይ ምን እንደሆነ በቀለም ማሳየት ነው። ቀለም መቀባት ማንም ይችላል። ሥራው ያለው ሁለት ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ኮንታክት የምንለው እሱን ነው። ቀናችሁ፣ ጉልበታችሁ፣ ገንዘባችሁም የሚያልቀው እሱን ፍለጋ ነው።

መቼ ይወጣል

ክረምት አይታሰብም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጅሩ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ጫማ ከነካልሲ ያወልቃል፣ ወንዝ አያሻግርም። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ አዝመራው ይሰበሰባል፣ ድንጋዩ ይገለጣል። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ አለ። መንዝ ላይ በበልግ ገብስ ይዘራል፣ ስለዚህ እርሻው እንደገና ይያዛል።

ብርዱን አትናቁት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በጠርሙስ ውጭ ያሳደራችሁት ውሃ ጠዋት ቆርፍዶ ይጠብቃችኋል። በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ከወረዳችሁ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ በላብ ትጠመቃላችሁ፣ ማታ አጎበር ያስፈልጋችኋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጋቢም አጎበርም የሚያስይዝ ሥራ ነው።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ጾመ ነቢያት ነው። ገጠር ውስጥ የፍስክ ምግብ አታገኙም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት እንቁላል አገኛለሁ ብዬ ሄጄ በሽሮ ነው የከረምኩት። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

ቦርሳው

መዶሻ፣ ኮምፓስ ከነክሊኖሜትሩ (ከነዝንባሌ መለኪያው)፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ሃንድ ሌንስ፣ ጂፒኤስ፣ እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ በትንሽ ጠርሙስ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ይህን ሁሉም ይይዛል። የሚረሱት የዓይን መነጽር ነው። ባዛልት በመዶሻ ሲመታ ስንጥሩ እንደ ምላጭ ነው የሚበረው። በፀሐይ መነጽርም ቢሆን ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ አጠገባችሁ የሚቆሙ ልጆችንም ዞር አድርጉ። ልጆች መቆማቸው አይቀርም።

እስክሪብቶ አትጠቀሙ። አንድ ጊዜ በጭጋግ ሲርስ የቀን ሥራ ሰማያዊ ወተት ሆኖ ይፈስሳል። እርሳስ አይለቅም።

ዱላም ያዙ። ለቁልቁለት ይረዳል፣ ለመንዝ ውሻ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ካርታውና ጂፒኤሱ ይስማሙ

ይቺ አጭር ናት፣ ግን ስንቱን ሰው አስለቅሳለች። በ1:50,000 የተሠሩት የድሮ ቶፖ ካርታዎቻችን፣ የመሬቱን ከፍታ በመስመር የሚያሳዩት፣ አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ላይ ናቸው። ስልካችሁና ጂፒኤሳችሁ ከፋብሪካ ሲወጡ ደብሊውጂኤስ 84 ላይ ናቸው። ሳታስተካክሉ ከወጣችሁ ነጥባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። በዚያ ካርታ ላይ 4 ሚሊሜትር ማለት ነው። ወንዝ ዳር ቆማችሁ ያነበባችሁት ነጥብ ገደሉ ላይ ይወድቃል። እኔ የሦስት ቀን ነጥብ እንዲህ አበላሽቻለሁ። ያወቅኩት ድልድይ ላይ ቆሜ የወሰድኩት ነጥብ ካርታው ላይ እርሻ መሃል ሲገኝ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ካርታው ላይ በግልጽ የሚታይ ቦታ ፈልጉ። ድልድይ ወይም የመንገድ መገንጠያ ይሁን። እዚያ ቆማችሁ አንብቡ፣ ካርታው ላይ አስቀምጡ። ካልገጠመ ዳተሙን ቀይሩ። በካርታው የዩቲኤም መረብ ዞኑ 37 ነው።

ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ከዚያ መሬት

የትብብር ደብዳቤ ከነማኅተሙ ይያዝ። ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያላችሁ ውረዱ። የጸጥታውን ነገር የሚያውቀው እዚያ ያለው ሰው ነው። «ወደዚያ አትሂዱ» ካሏችሁ አትሂዱ። ካርታው ላይ ያ ክፍል ባዶ ሆኖ ይቆይ፣ ምንም አይሆንም።

ከቀበሌው መንገድ መሪ ጠይቁ፣ አበሉንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጎልማሳ ቢሆን ይመረጣል። ወጣቱ ፈጣን ነው፣ ጎልማሳው ግን ገደሉን ሁሉ በስም ያውቃል።

መዶሻ ይዞ ድንጋይ የሚሰብር ሰው ሲያዩ ገበሬዎች የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ወርቅ ነው ኦፓል?» ጥያቄው ከመሬት አልተነሳም። «የመዘዞ ኦፓል» እየተባለ ለዓለም ገበያ የወጣው ከመንዝ ነው፣ በ1980ዎቹ። ስለዚህ አትሳቁባቸው፣ ምንም አትደብቁ። ካርታውን መሬት ላይ ዘርጉና አሳዩ። «አባባ፣ ይኼ የእርስዎ ወንዝ ነው፣ ይኼ ቤተ ክርስቲያኑ። እኛ ድንጋዩ የት ላይ እንደሚለወጥ ነው የምንጽፈው» በሉ። ካርታ ላይ አገሩን ያገኘ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ አይለቃችሁም። ወይ ቤት ግቡ ይላችኋል፣ ወይ ራሱ ይመራችኋል።

በበዓል ቀን መዶሻ አታንሱ። በዓል ከተሻረ በረዶ ይመጣል የሚል እምነት አለ። አዝመራው ሜዳ ላይ እያለ በረዶ ቢጥል ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናንተ ነው። በዚያን ቀን ማስታወሻችሁን አስተካክሉ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ጸበል አጠገብ ደግሞ በማንኛውም ቀን መዶሻችሁ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

መስመራችሁን ምረጡ

ሰሜን ሸዋ ለካርታ ሥራ ሦስት አገር ነው ማለት ይቻላል።

በምዕራብ የጀማ ሸለቆ አለ። መርሐቤቴን፣ እንሳሮንና ሞረትን የሚቆርጠው ነው። እዚያ አፋፉ ላይ ባዛልት አለ፣ ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ ከባዛልቱ በፊት የነበረው ዓለም ይመጣል፦ አሸዋ ድንጋይ፣ የጭቃ ድንጋይ፣ ኖራ ድንጋይ። ኖራ ድንጋዩ ባሕር የነበረበት ዘመን ነው፣ የዳይኖሰሮች ጊዜ። የላዩ ባዛልት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። አንድ ቁልቁለት ስትወርዱ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ጉልበታችሁም ያውቀዋል።

መሃሉ ደጋው ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ። በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፦ ባዛልት፣ ከትኩስ አመድ የተሠራው ኢግኒምብራይት፣ አልፎ አልፎ ፈዛዛው ራዮላይት። በመካከሉ ግን ሐይቅ የነበረባቸው ቦታዎች አሉ። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የቅጠል ቅሪቶች በስስ ንጣፍ መሃል ተኝተው ተገኝተዋል። «ደጋው ሁሉ ባዛልት ነው» ብላችሁ በአንድ ቀለም አትቀቡ።

በምሥራቅ ደግሞ ገደሉ ነው። አንኮበር፣ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ። እዚህ መሬቱ ተሰባብሯል። ደጋው ወደ አፋር የሚወርደው በስብራት ደረጃ በደረጃ ነው። ስብራቱ የሞተ ታሪክም አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣው ከዚሁ መስመር ነው።

መስመር ስትመርጡ ድንጋዩን የሚቆርጠውን ምረጡ። በሜዳ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ አንድ ድንጋይ ብቻ ታዩ ይሆናል፣ እሱም በአፈር ተሸፍኖ። በአንድ ጅረት ቦይ 2 ኪሎ ሜትር ብትወርዱ አምስት ታያላችሁ። የመንገድ ቆረጣ፣ የጅረት ቦይ፣ የገደል እግር መንገድ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። አዲስ የተቆረጠ የወረዳ መንገድ ካገኛችሁ እሱን ቅድሚያ ስጡት። ሁለት ክረምት ካለፈው ይሸፈናል።

አንድ ማቆሚያ ላይ

አውትክሮፑ ጋ፣ ከአፈር ወጥቶ የሚታየው አለት ጋ፣ ደርሳችኋል። ቶሎ ብላችሁ መዶሻ አታንሱ። መጀመሪያ ሃያ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሂዱና ቁጭ ብላችሁ እዩት። ንጣፍ አለው? ያዘነብላል? እንደ ተደረደረ ምሰሶ ቆሟል? ቀለሙ የት ላይ ይለወጣል? በደብተራችሁ ሳሉት። ሥዕል አልችልም አትበሉ። ማንም አይሸልማችሁም። የእጅ ሥዕል ፎቶ የማይይዘውን ይይዛል፣ ምክንያቱም የምትስሉት የገባችሁን ነው። ፎቶውንም አንሱ፣ መዶሻውን ለመጠን አስቀምጣችሁ።

አሁን ቅረቡ። የድንጋዩ ላይ ቆዳ ይዋሻል። ዝናብና ፀሐይ የመታው ባዛልት ቡናማ ነው፣ ራዮላይትም ቡናማ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሊከን ካለበት ደግሞ ሁሉም ግራጫ ነው። ጠርዙን ምቱና ትኩሱን ገጽ አውጡ። ድምፁን ስሙ። ያልበሰበሰ ባዛልት እንደ ብረት ይጮሃል፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል። ሌንሱን ዓይናችሁ ላይ ለጥፉ፣ ድንጋዩን ወደ ሌንሱ አምጡ። ብዙ ጀማሪ ሌንሱን እንደ ፖሊስ ፊልም ከሩቅ ይዞ ያያል፣ ምንም አያይም። ፀሐይ ገጹ ላይ ትረፍ። ጥቁር ውስጥ የብርጭቆ መሳይ አረንጓዴ ፍሬ ካያችሁ ኦሊቪን ነው። ነጭ ስንጥር መሳይ ካያችሁ ፌልድስፓር ነው። ድንጋዩ ፈዛዛ ሆኖ በውስጡ የተጠፈጠፉ ምላስ መሳይ ነገሮችና የተሰባበሩ ክሪስታሎች ካሉት ኢግኒምብራይት መሆኑን ጠርጥሩ። ትኩስ አመድና ጋዝ ተንደርድሮ፣ ተኝቶ፣ በራሱ ክብደት የተጫነ ነው።

አሲዱን በጠብታ። ኖራ ድንጋይ ወዲያው ይንጨረጨራል። ነገር ግን ባዛልትም ሊንጨረጨር ይችላል። በአረፋ ቀዳዳዎቹ ውስጥ በኋላ የገባ ካልሳይት፣ የኖራ ድንጋይ ማዕድን፣ ስላለ ነው። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ጠብታውን ከነጩ ፍሬ ላይ አንስታችሁ ጥቁሩ አካል ላይ አድርጉ። ዝም ካለ ድንጋዩ ባዛልት ነው። አንድ ጓደኛዬ ደብተሩ ላይ «ጥቁር ኖራ ድንጋይ» ብሎ ጽፎ ለዓመታት ቀልድ ሆኖበታል።

ከዚያ ጻፉ። የማቆሚያ ቁጥር፣ ቀን፣ ነጥብ፣ ከፍታ፣ የድንጋዩ ስም፣ ቀለም፣ ፍሬ፣ ንጣፍ፣ ስብራት። ስሙን እርግጠኛ ካልሆናችሁ መልኩን ጻፉ። «ፈዛዛ፣ ቀላል፣ በጥፍር የማይጫር፣ ነጭ ፍሬ ያለው» ተብሎ የተጻፈ ድንጋይ በኋላ ስም ያገኛል። በስህተት ስም የተጻፈ ግን ማንም አይመልሰውም።

ኮንታክቱን ተከተሉ

ወደ ዋናው መጣን።

ባዛልት በአንድ ቀን አልፈሰሰም። አንዱ ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፣ ዘመናት አለፉ፣ ላዩ ላይ አፈር ተፈጠረ። ከዚያ ሌላው ፈሰሰበት። የላይኛው ትኩስ ስለሆነ የታችኛውን አፈር ጠበሰው። ስለዚህ በሁለት ባዛልቶች መሃል ቀይ ንጣፍ ይቀራል፣ አንዳንዴ የመዳፍ ያህል፣ አንዳንዴ ሰው የሚያህል። አንኮበር መንገድ ላይ በዚህ ቀይ ነገር ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ አንድ አባት ከብት እየነዱ መጡና ቆሙ። «ምን አገኘህ ልጄ?» አሉ። ድንጋይ ነው ለማለት ስጀምር፣ በጫማቸው ጫፍ ፈረፈር አደረጉት። «ይኼማ ድንጋይ አይደለም። የተጠበሰ አፈር ነው። ምጣድ ሥር ያለውን አላየህም?» አሉኝና ከብታቸውን ተከትለው ሄዱ። እኔ ግማሽ ሰዓት የፈጀሁበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

ይህን ቀይ መስመር አጥብቃችሁ ያዙት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሂዱበት። ሲጠፋባችሁ ውሃ ፈልጉ። የዝናብ ውሃ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ ይወርድና ጭቃ የበዛበት ቀይ ንጣፍ ላይ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል። ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ጎን ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ተራራ ጎን ላይ ምንጮች በአንድ ከፍታ ተደርድረው ታያላችሁ፣ መንደሮቹም ከእነሱ አይርቁም። ምንጩ የት እንዳለ ለማወቅ ጂፒኤስ አያስፈልግም። ውሃ የሚቀዱትን እናቶችና ልጃገረዶች ጠይቁ፦ «እማማ፣ በጋ የማይደርቀው የትኛው ነው?» በጋ የማይደርቁትን አራት አምስት ምንጮች ካርታ ላይ ብታገናኙ ብዙ ጊዜ ኮንታክታችሁን ታገኛላችሁ።

አፈርም ይናገራል። አይጥና ጉንዳን ከጉድጓድ ያወጡትን ተመልከቱ። ከሥር ያለውን ናሙና በነፃ አውጥተውላችኋል።

ጀማ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። እዚያ ንጣፎቹ በአብዛኛው አግድም ተኝተዋል። አግድም የተኛ ኮንታክት በካርታ ላይ የከፍታ መስመሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ወደ ቦዩ ሲገባ ይገባል፣ ሲወጣ ይወጣል። ስለዚህ ኖራ ድንጋዩ ያለቀበትን ከፍታ በአንድ ቦታ በትክክል ከወሰዳችሁ፣ በሚቀጥለው ቦይ የት አካባቢ እንደምትጠብቁት ታውቃላችሁ። ሄዳችሁ እዩት። እዚያው ካለ ደስ ይበላችሁ። ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ወይም ወጥቶ ካገኛችሁት ደግሞ የበለጠ ደስ ይበላችሁ፣ ምክንያቱም በመሃል ስብራት አለ ወይም ንጣፉ ያዘነብላል። ተመልሳችሁ ፈልጉት። በጂፒኤስ ላይ የከፍታ ስህተት ከአግድሙ ስህተት እንደሚበልጥ አትርሱ። አንድ ንባብ አይበቃም።

አሁን መስመሩን ሳሉ። ድንጋይ ከድንጋይ ሲገናኝ በዓይናችሁ ካያችሁ ድፍን መስመር። በዚህ በኩል መሆን አለበት ብላችሁ ከገመታችሁ ቁርጥራጭ መስመር። ከአፈር ወይም ከደለል ሥር ከተደበቀ ነጠብጣብ። ይህ ሕግ ሁሉም መጽሐፍ ላይ አለ፣ ማታ ሲደክም ግን ሁሉም ሰው ድፍን መሳል ያምረዋል። ካርታው ያምርለታላ። በኋላ ያንን ድፍን መስመር አምኖ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው አለ። እርሳሳችሁን ስትጭኑ እሱን አስቡት።

ስለ እርሳስ ካነሳን፦ በ1:50,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። ስለዚህ 5 ሜትር ወዲህ ነው ወዲያ ብላችሁ አትጨቃጨቁ። እርሳሱን ግን ቅረጹት።

የተንሸራተተውን ለዩ

ደብረ ሲና በኩል የምትሠሩ ይህችን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

አንድ ቀን ከከተማው በታች ትልቅ የባዛልት አውትክሮፕ አገኘሁ። ቤት ያህላል፣ ንጣፉ ግልጽ ነው፣ 35 ዲግሪ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። በደስታ ለካሁት። ማታ አለቃዬ ካርታውን አይቶ «ይኼ ድንጋይ ከየት ወረደ?» አለኝ። አልገባኝም ነበር። በማግስቱ ወደ ላይ አየሁ። ገደሉ ላይ ያ ድንጋይ የተነሳበት ጠባሳ ፊት ለፊቴ ነበር። ድንጋዩ ከነንጣፉ ተንሸራትቶ፣ ዞሮ፣ እዚያ ተቀምጧል። የለካሁት የአለቱን ዝንባሌ ሳይሆን የአወዳደቁን ነው።

ያ አካባቢ ተንሸራታች ነው። በ1998 ዓ.ም. ይዛባ ወይን አካባቢ መሬቱ ከነእርሻውና ከነቤቱ ሄዷል። ከዚያ በፊትም ሄዷል፣ ወደፊትም ይሄዳል። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦ ዛፎቹ ጎብጠው አድገዋል ወይ? መሬቱ እንደ ተጨማደደ ጋቢ ወጣ ገባ ይላል ወይ? ከድንጋዩ ጀርባ ውሃ የሚተኛበት ጎድጓዳ አለ ወይ? ከጎኑ ያለው አውትክሮፕ በዚያው አቅጣጫ ያዘነብላል ወይስ ሌላ ይላል? አንዱ እንኳ ካለ ድንጋዩን ጻፉት፣ ዝንባሌውን ግን ካርታ ላይ አታስገቡ። መንሸራተቱን ራሱን ግን ከልሉት። መንገድ ለሚሠራ ሰው ከባዛልቱ ስም የበለጠ ይጠቅመዋል።

ኮምፓስ ሲያብድ

ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማግኔታማ ማዕድን አለ። ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ መብረቅ ይመታዋል፣ መብረቅ የመታው ባዛልት ራሱ ማግኔት ይሆናል። ኮምፓሳችሁን ድንጋዩ ላይ ስታስቀምጡ መርፌው እንደ ሰከረ ይዞራል። ስለዚህ ስትራይክ፣ ማለትም የንጣፉን አግድም አቅጣጫ፣ ስትለኩ ኮምፓሱን አለቱ ላይ አታስተኙ። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ቆማችሁ በንጣፉ አቅጣጫ አነጣጥሩ። ከዚያ ከሌላኛው ጫፍ መልሳችሁ አነጣጥሩ። ሁለቱ በ180 ዲግሪ ካልተለያዩ ድንጋዩ እያታለላችሁ ነው። እንዲህ ሲሆን በጂፒኤስ ሁለት ነጥብ ወስዳችሁ አቅጣጫውን ከዚያ አውጡ። ዲፑ፣ ማለትም የዝንባሌው መጠን፣ ግን አይነካም፣ ክሊኖሜትሩ የሚሠራው በመሬት ስበት ነው። መዶሻችሁንም አርቁ።

ናሙና

ቡጢ የሚያህል ይበቃል። ትኩስ ገጽ ያለው፣ ያልበሰበሰ። ቁጥሩን ድንጋዩ ላይ ጻፉ፣ ከረጢቱም ላይ ጻፉ፣ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀትም በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውስጡ ክተቱ። አበዛኸው ካላችሁ የእኔን ስሙ። ጀማን ስንሻገር ናሙናው የተጫነው አህያ ላይ ነበር። አህያዋ መሃል ወንዝ ላይ ተኛች። ሙቀቱ ከብዷት ነበር፣ አልፈርድባትም። ከረጢቶቹ ሁሉ ረጠቡ፣ የማርከሩ ጽሑፍ ታጠበ። ሃያ ሦስት ጥቁር ድንጋይ ይዤ ቀረሁ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

ከጨለማ በፊት፣ ከጨለማ በኋላ

ሸለቆ ውስጥ ከወረዳችሁ ወደ ላይ የሚመልሳችሁን ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ። የወረዳችሁበትን ጊዜ እጥፍ አስቡ። ከ8 ሰዓት በኋላ አዲስ ቦይ አትጀምሩ። ጀማ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ፣ በየት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ካምፕ ላለ ሰው በወረቀት ተዉለት። ቆላ ስትወርዱ ለአንድ ሰው ከ3 ሊትር ያላነሰ ውሃ ያዙ። ሰማዩ በወንዙ ራስጌ በኩል ከጠቆረ፣ እናንተ ያላችሁበት ደረቅ ቢሆንም፣ ከቦዩ ውጡ።

ማታ፣ እራት ከመብላታችሁ በፊት፣ ካርታውን ዘርጉ። ከበላችሁ አትሠሩም። በአካባቢው አረቄም አለ፣ እሱ ከካርታው በኋላ ነው። የቀኑን ነጥቦች አንድ በአንድ ከደብተሩ ወደ ካርታው አምጡ፣ ቁጥሮቹ በደብተሩ፣ በካርታውና በከረጢቱ ላይ አንድ መሆናቸውን እዩ። ያያችሁትን ቀቡ፣ ያላያችሁትን ነጭ ተዉት። ከዚያ መስመሮቹን ተመልከቱ። አንዱ ቁርጥራጭ መስመር ሌላውን የሚቆርጥበት፣ ወይም አንዱ ምንጭ ከተርታው ወጥቶ ብቻውን ታች የወረደበት ቦታ ይኖራል። እዚያ ላይ በቀይ እርሳስ ጥያቄ ምልክት አድርጉና በአቅራቢያው ያለውን ቦይ ፈልጉ። የነገ መንገዳችሁ እሱ ነው። ለመንገድ መሪያችሁ ዛሬውኑ ንገሩት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲመጣ።